አባቴ ለገብስማ የፈጩት መኖ

ዛሬ ጠዋት፣ ደብረ ብርሃን ካለው ቤቴ ጓሮ፣ ለዶሮዎቼ መኖ ላሰናዳ ተቀምጬ ፋጉሎውን ለብ ባለ ውሃ ሳርሰው፣ ያ የታመሰ ኑግ የሚመስል ሽታው ሽቅብ ወጥቶ አፍንጫዬን ሞላው፤ እጄም ገንዳው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ፋጉሎ ማለት ኑግ ዘይቱን ሰጥቶ ሲጨርስ የሚቀረው ጥቁር ቅሪት ነው። ጎረቤቶቼ ሽታውን አይወዱትም፤ ባለቤቴም እጄን ደጋግሜ ካልታጠብሁ ገበታ አያስጠጋኝም። እኔ ግን ከሽቶ ሁሉ አስበልጠዋለሁ። በዚህ ሽታ ውስጥ አባቴ አሉና፤ ጥምጥማቸውን አውልቀው፣ ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰብስበው፣ ወፍጮ ላይ ያጎነበሱት ቄሱ አባቴ።

ያደግሁት መንዝ ነው፣ ከዘመሮ ገበያ ወዲያ፣ ነፋሱ በር ሳያንኳኳ በሚገባበት መንደር። ዶሮ ውጭ ቢያድር ወይ ብርዱ ወይ ሸለምጥማጥ ስለሚጨርሰው፣ የእኛዎቹ ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር በተያያዘ ቆጥ ላይ ተደርድረው አብረውን ያድሩ ነበር። አባዬ ሌሊት ለጸሎት ሲነሱ አብረዋቸው የሚነቁት እነሱ ብቻ ነበሩ፤ እኔና እማዬ የበግ ጠጉር ባናችንን ተከናንበን እናንኮራፋለን። "ከዚህ ቤት መንግሥተ ሰማያት የሚገቡት ዶሮዎቹ ናቸው" ትል ነበር እማዬ።

ከነዚያ ዶሮዎች አንዷ የእኔ ነበረች። ክርስትና እናቴ ጫጩት ሳለች በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አምጥታ የሰጠችኝ፣ ላባዋ ገብስ የተበተነበት የሚመስል፣ ስሟም ከዚያው የወጣላት ገብስማ። በጉያዬ ሙቀት ነው ያደገችው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አድጋ ጥቂት ጣለች፤ ከዚያ በቃኝ አለች። ትበላለች፣ ፀሐይ ትሞቃለች፣ አመድ ላይ ትንከባለላለች፣ የሌሎቹን እንቁላል እንደ ባለርስት እየዞረች ትጎበኛለች፤ የራሷ እንቁላል ግን የለም። እማዬ ደግሞ ሆደ ቡቡ ብትሆንም በዶሮ ጉዳይ ዳኛ ናት፤ በልታ የማትጥል ዶሮ ለፋሲካ ድስት እንደምትገባ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። የሁዳዴ ቅበላ ለት፣ የመጨረሻውን ሥጋ እየበላን ሳለ ፍርዱ ወጣ።

"እስከ ሆሳዕና ከጣለች ጣለች፤ ካልጣለች ፋሲካን የምንፈታው በእሷ ነው" አለች።

ጉርሻዬን አፌ ውስጥ ይዤ አለቀስሁ። አባዬ ሲግጡት የነበረውን ዐጥንት ቀስ አድርገው አስቀመጡት።

በማግስቱ ሰኞ እማዬ እንደ መንደሩ ሴት ሁሉ ድስቱን፣ ሳህኑን፣ ሙቀጫውን፣ የሥጋና የቅቤ ርዝራዥ በጾም እንዳይነካን፣ በአመድ ፈትጋ ፈትጋ አጠበች። ይህን አመድ ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወጣት የልማት ሠራተኛ ምዕመኑን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ጽድ ሥር ሰብስቦ፣ በጓሮ ስለሚረቡ ዶሮዎች፣ ስለ ዳክዬ፣ ለሥጋ ስለሚሆን ጥንቸል፣ መኗቸውንም ቤት ውስጥ ቀላቅሎ ስለማዘጋጀት ያስተምር ጀመር። በሁዳዴ፣ ለመንዝ ሰው፣ የጥንቸል ሥጋ! ሽማግሌዎቹ አማተቡ፤ አንዲት ባልቴት የልጅ ልጇን እየጎተተች ሄደች። ወጣቱ ላብ በላብ ሲሆን ያዳኑት አባዬ ናቸው።

"ልጄ፣ ለዳክዬው ውሃ የለን፣ ጥንቸሉንም ሕጋችን አይፈቅድ፤ ይልቅ የዶሮዋን ንገረን" አሉት።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰባኪ እንጂ ተሰባኪ ያልነበሩት አባዬ ያን ቀን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ሰሙ። የተሸረከተ ገብስ ይበዛል፣ ፉርሽካ ይከተላል፣ ከዚያ ፋጉሎ፣ የባቄላ አሰር፣ ቁንጥር ጨው፤ በላዩ ደግሞ፣ እንቁላሉ ቅርፊቱ እንዲጠና፣ ተቃጥሎ የደቀቀ ዐጥንት። ነገር በቃል መያዝ ለቤተ ክህነት ሰው ብርቁ አይደለም፤ አባዬ ወደ ቤት ስንመለስ መኖውን በዜማ ያዙት። "ገብስ ሁለት እጅ…" እያሉ፣ ጾም ነውና በለሆሳስ፣ ቃሉን ጎተት እያደረጉ ሲያዜሙት፣ ከሩቅ ለሰማ ሰው ስለ ስቅለቱ የሚያለቅሱ ይመስል ነበር።

ፋጉሎውን ከመርሐቤቴ ወገን ወደ ዘመሮ ከሚወጡ ነጋዴዎች አመጡ። ችግሩ ዐጥንቱ ላይ ነበር። በሁዳዴ ዐጥንት ከተገኘ የቅበላው ነው፤ የቅበላው ዐጥንት ደግሞ ባለቤት አለው፣ ውሻ። አባዬ መቋሚያቸውን ይዘው ከየጓሮው ዐጥንት ሲለቅሙ፣ ውሻችን ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለ፣ እንዲህ ያለ ግፍ አይቶ እንደማያውቅ ሁሉ ዓይን ዓይናቸውን ያያቸው ነበር። የለቀሙትን እሳት ውስጥ ጨምረው ነጭ እስኪሆን አነደዱት። እማዬ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድም ወፍጮው ላይ አድርገው ፈጩት።

እንስራዋን አዝላ ስትገባ ነገሩ አልቆ ነበር። ተልባውም ሽሮውም የሚፈጨው በዚያ ወፍጮ ነው።

"ቄሱ፣ ምንድን ነው የፈጩት?"

"አመድ።"

"የምን አመድ?"

አባዬ መዋሸት አያውቁም። "የዐጥንት" አሉ። ግን ሊቅ ናቸውና ዝም አላሉም፤ ዐጥንት ነድዶ ካለቀ አመድ ነው፣ አመድ ደግሞ ጾም አያፈርስም ብለው ተከራከሩ። "አንቺስ ሰኞ ለት ዕቃውን ሁሉ ያጠብሽው በምን ሆነና?" አሉ፣ መርታታቸውን አውቀው።

"በእንጨት አመድ ነዋ! እንጨት መቼ ቅቤ ኖሮት ያውቃል?"

ሊቁ ወፍጮው ላይ የቀረውን ዱቄት በመዳፋቸው ይጠርጉ ጀመር።

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው" አለች እማዬ እንስራዋን እያወረደች። "ለዶሮ ብለው ወፍጮዬን አስፈሰኩት!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወፍጮው እስከ ፋሲካ የዶሮ ሆነ። እማዬ ሽሮዋን ቋጥራ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ዘንድ እየሄደች ትፈጭ ጀመር፤ ለመኖው ግን ጣቷን አላነሳችም። እኔ ደግሞ በእጅ የሚገፋውን ድንጋይ፣ መጁን፣ ማንቀሳቀስ አልችልም። ስለዚህ አባዬ ራሳቸው ፈጩ። በእኛ አገር ወንድ ወፍጮ አይፈጭም፤ ያውም ቄስ። ከቅዳሴ መልስ በሩን ገርበብ አድርገው፣ ጥምጥማቸውን ከግድግዳው ላይ ሰቅለው፣ ያቺን የመኖ ዜማ እያዜሙ ይገፋሉ። አያውቁበትምና ገብሱ ግማሹ ሳይፈጭ ወለሉ ላይ ይፈስሳል። መስቀልና መቋሚያ ብቻ የለመደው መዳፋቸው ውሃ ቋጠረ፤ እማዬ አንድ ቀን እጃቸውን ስባ ኑግ ዘይት ስትቀባቸው አይቻለሁ። እኔ ወንፊቱን እይዛለሁ። ገብስማ ከፊታቸው ቆማ አንዴ በዚህ ዓይኗ አንዴ በዚያኛው እያየች ትጠብቃለች፤ ትበላለች፤ ትወፍራለች፤ አትጥልም።

እትዬ አስካለ አንድ ቀን እሳት ልትጭር መጥታ በሩን ገፋ ስታደርገው ጉዱ ወጣ። "ኧረ በስመ አብ! ቄሱ ወፍጮ ይዘዋል!" ብላ እሳቱን ሳትጭር ተመለሰች፤ ወሬው ግን ከእሳትም ፈጠነ። በሚቀጥለው እሑድ ሴቶቹ መስቀል ሲሳለሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጥፍር አድርገው ይዘው ነበር። አንድ ቀልድ የማያልቅባቸው ሽማግሌ ደግሞ፣ "አባታችን፣ እኔም ቤት ትንሽ ገብስ ነበረች" አሏቸው።

"ጾም ሥጋን ማድከም ነው" አሉ አባዬ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ። "ወፍጮን የመሰለ ሥጋ አድካሚ አላገኘሁም። ሞክሩት፣ ባልቴትዎም ያርፋሉ።"

ሳቁ ወደ ሽማግሌው ዞረ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለቀው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። በአባቴ መሳቃቸው አልወጣልኝም። እቤት ስንገባ፣ "ይቅርብኝ አባዬ፣ ትታረድ" አልኋቸው፤ ይህን ለማለት ምን ያህል እንደጨነቀኝ እግዜር ያውቃል። "ሆሳዕና ገና ነው" አሉኝና መጁን ገፉ።

ሆሳዕናም አልቀረ፣ ደረሰ። ገብስማ ግን እንዳለች አለች። ማልደን ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ የዘንባባ ቀለበት ጣቴ ላይ አስረውልኝ፣ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ሲመለስ እኔ በመንገዱ ሁሉ የማስበው ቢላዋውን ነበር። ቤት ስንደርስ እማዬ፣ "እስኪ ሂጂ፣ እንቅቡን እዪ" አለችኝ። አባዬም ከኋላ ደርሰው፣ ገና ጥምጥማቸውን ሳያወልቁ፣ "እንቅቡን አይተሻል?" አሉ።

እንቅቡ ገለባ የተነጠፈበት የገብስማ መጣያ ነው። ገብስማ ከአጠገቡ ዘወር አለችልኝ፤ እጄን ሰደድሁ። አንድ እንቁላል! ጮኽሁ። እጄን ደግሜ ስሰድ ሌላ!

"ሁለት ጣለች! እማዬ፣ ሁለት ነው የጣለችው!"

አንደኛዋ ነጭ፣ ትልቅ፤ የገብስ ዕብቅ ተለጥፎባታል። ሁለተኛዋ ትንሽ፣ ቀላ ያለች፤ ጫፏ ላይ ጠብታ የምታህል የጧፍ ሰም አለች። ሁለቱም እንደ ወንዝ ጠጠር ቀዝቃዛ ነበሩ፤ የመንዝ ብርድ ነው ብዬ አለፍሁት። እማዬ እንቁላሎቹን አየች፤ ከዚያ አባዬን አየች። አባዬ እንቁላሎቹን አዩ፤ ከዚያ እማዬን አዩ። አባዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"መኖው ነው" አሉ።

"መኖውስ ጠንካራ ነው" አለች እማዬ፤ ወፍጮዋ ከፈሰከ ወዲህ መኖውን ስታመሰግን የመጀመሪያዋ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ አባዬም ወደ ግድግዳው ዞሩ፣ እሳቸውም ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። በሰሙነ ሕማማት ዋዜማ ሁለቱ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ እኔም ምን እንዳሳቃቸው ሳላውቅ አብሬ ሳቅሁ።

ፋሲካን የፈታነው ሰፈሩን ሰላም ነስቶት በነበረ አውራ ዶሮ ነው። ይግረማችሁና፣ ጥቂት ሰንብቶ የበልግ ዝናብ ሲያካፋ ገብስማ የእውነቷን መጣል ጀመረች፤ አንዳንድ ቀን ከእንቅቡ አልነሳም ብላ ትቆጣኝ ነበር። አባዬ ስለ መኖው ቅንጣት አልተጠራጠሩም። ለምዕመኑ አስተማሩት፤ ያ የልማት ሠራተኛ ሲመለስ ሴቶቹ የራሱን ትምህርት በዜማ ሲያወርዱለት ሰምቶ አፉን ይዞ ቀረ። ወፍጮውም "የቄሱ ወፍጮ" ተብሎ ቀረ፤ እማዬ ለራሷ ሌላ አስጠረበች።

ዛሬ እኔም ዶሮ አርቢ ነኝና የምታውቁትን አውቃለሁ፤ ዶሮ በአንድ ቀን ሁለት እንቁላል አትጥልም። እማዬ የጾሙን እንቁላል ሁሉ ለፋሲካ የምታቆየው በጎታ ገብስ ውስጥ ቀብራ እንደነበር፣ የአባዬ ኪስ ደግሞ ከጧፍ ተለይቶ እንደማያውቅም አስታውሳለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ግን በቃል ጠይቄ አላውቅም ነበር። እማዬ አሁን ከእኔ ጋር ናት፤ አርጅታለች፣ ጓሮው ውስጥ ፀሐይ እየሞቀች በዶሮዎቼ ላይ ትፈርዳለች። ዛሬ ፋጉሎው የነካካውን እጄን ሳልታጠብ አጠገቧ ሄጄ ጠየቅኋት። ድዷ እስኪታይ ሳቀች።

"ነጩን እኔ ነኝ ያስቀመጥሁት። ፍርድ ወጥቶ ምን ይደረጋል፤ ሰው ቃሉን አያጥፍ፣ አንቺም አታልቅሺ ብዬ።"

"ቀይዋንስ?"

"እኔ እንጃ። እሳቸው አልጠየቁኝ፣ እኔም አልጠየቅኋቸው" አለች። "እስኪሞቱ ድረስ 'መኖው ነው' እንዳሉኝ ነበር።"

መኖውን ሰጥቼ እንቁላል ልለቅም ገባሁ። ብዙ ነበሩ፤ ሁሉም አሁን የተጣሉ፣ ትኩስ፣ እጄን የሚያሞቁ። ለቅሜ ለቅሜ ስጨርስ፣ እንደ ሞኝ፣ ወደ መጨረሻው መጣያ ገለባ እጄን መልሼ ሰድጄ ዳበስሁ። ቀዝቃዛ እንቁላል አልነበረችም። ከሁለቱ ቀዝቃዛ እንቁላሎች ነጩን ያስቀመጠችልኝ እዚህ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀይዋን ያስቀመጡልኝ ግን መንዝ ናቸው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከጽዱ ሥር።