የአበራ ወገብ

ከአይቮሪ ፓርክ የተነሳነው የሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ጉዳያችን ስፓዛ ለሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቃችን ዕቃ ከጅምላ ሰፈሩ ከጀፕስታውን ማምጣት ነበር። የእኔ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የሱቁ ባለቤት ጋሽ ተሾመ ቴምቢሳ ላይ ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍቱ ነው፤ ከእኔና ከአበራ አንዳችንን ሼር ሰጥተው እዚያ ሊያስቀምጡ አስበዋል። «ማን እንደሚሆን ከጀፕ ስትመለሱ እነግራችኋለሁ» ብለውናል። እኔ ያን ሱቅ ከምንም በላይ ፈልጌዋለሁ። ይኼን ሁሉ ዓመት ከብረት ፍርግርግ ኋላ ተቀምጬ ዳቦና የስልክ ካርድ የሸጥኩት ለእሱ ነው።

አበራ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ እኔ የኮልፌ። በዕድሜ በደንብ ይበልጠኛል፤ ጺሙ ሸብቷል። ታዲያ ሃምሳ ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ሲያነሳ ላየው ሰው ትራስ ያነሳ ነው የሚመስለው። ጋሽ ተሾመ ባዩት ቁጥር «ወገብ ማለት ይኼ ነው» ይላሉ። እኔ ያኔ አንጀቴ እርር ይላል። ሰው መኪናው ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ይለጥፋል፤ አበራ ሳይለጥፍ ጸሎቱ ሰምሮለታል፤ እኔን የመሰለ ምቀኛ አጠገቡ አለው።

የእኔ ወገብ ከኮሮናው ሎክዳውን ወዲህ ወገብ አይባልም። ቀኑን ሙሉ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ እቀመጥበታለሁ። ሲመሽ ደግሞ ሌባ እንዳይደፍረን እዚያው የዱቄት ጆንያ ደርድሬ እተኛለሁ። ጠዋት ስነሳ ግድግዳ ይዤ ነው የምቃናው። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። በእኛ ዘንድ ሱቅ የሚሠራ ወንድ አንዴ «ወገቤን» ካለ አለቀለት፤ ሳይውል ሳያድር ከደርባን አንድ ጎረምሳ ይመጣና ቦታውን ይይዛል። በሆዴ ግን ምርመራውን ጨርሻለሁ፤ ኩላሊት ነው። ሐበሻ ወገቡን ካመመው ወይ ኩላሊት ነው፣ ወይ ብርድ ነው፤ ሦስተኛ የለውም። ስለዚህ ውኃ በጆግ እጠጣለሁ፣ በጋቢ እጠቀለላለሁ። ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ሽንት ቤት መመላለስ ነው።

መንገዱ

ባኪዋን፣ ያቺን ፒክአፕ፣ የሚነዳው አበራ ነበር። የመንገዱ ዳር ሣር በውርጭ ነጭ ሆኗል፤ ከየቤቱ የሚወጣው የከሰል ጭስ መሬት ላይ ተኝቷል። ሀይዌዩ ላይ ፖሊሶች ማስክና ወረቀት እያዩ ስለሚያሳልፉ መኪናው ሁሉ ቆመ። ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሲጠብቅ አበራ ወረደ። ወዲያ ወዲህ ተራመደ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ተለጠጠ፣ ትከሻውን አንከባለለ። ይኩራራል አልኩ በልቤ፤ የማያመው ወገብ እንዳለው ሊያሳየኝ ነው። እኔ ከወንበሬ አልተነቃነቅኩም። ጀፕ ስንደርስ ከመኪናው የወረድኩት እንደ አሮጊት ነው።

ጀፕስታውን

የጅምላ ሱቆቹ መንገድ ላይ ማስክ አገጩ ላይ ያልወረደ ሰው አልነበረም። በአማርኛ ትከራከራለህ፣ በእንግሊዝኛ ትስማማለህ፣ ተሸካሚውን በዙሉ ትጠራለህ። እንቁላል ፍርፍር በዳቦ ቆመን በላንና መጫን ጀመርን። አበራ ጆንያው ፊት እግሩን ከፍቶ ቁጢጥ ይላል፣ ጆንያውን ደረቱ ላይ ያቅፋል፣ በጭኑ ኃይል ይነሳል። መዞር ሲፈልግ ከነእግሩ ነው የሚዞረው። «አያችሁልኝ ጴንጤው ለጆንያ ሲሰግድ» አልኩ፤ ነጋዴዎቹ ሳቁ። አበራም ሳቀ። አንዱ ተሸካሚ ግን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «ማዳላ፣ አንተ ሽማግሌ ከወጣቱ ትበልጣለህ» አለው በእንግሊዝኛ። ወጣቱ እኔ ነኝ።

ደሜ ፈላ። የዘይት ካርቶኑን እግሬን እንደገተርኩ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ መነጨቅኩትና፣ እዚያው እንደቆምኩ ጠምዘዝ ብዬ ወደ ባኪዋ ልወረውር ስል ወገቤ ቀጭ አለ። ላብ አጠመቀኝ። እንደጎበጥኩ ቀረሁ፤ መቃናትም መቀመጥም አቃተኝ። አበራ ደግፎ የፊት ወንበር ላይ አጋደመኝና የቀረውን ዕቃ ሁሉ ከተሸካሚው ጋር ጫነ። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዮቪል

ሳይጠይቀኝ ዮቪል ወሰደኝ። ከፋርማሲ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሠናይት የምትባል ሐበሻ ፊዚዮቴራፒስት ትሠራለች። በር ላይ እጃችን ላይ አልኮል ረጨችና ከእኔ በፊት እሱን አየችው።

«አቤ፣ ወገብህ እንዴት ነው?» አለችው።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ለካስ አበራ ወደ እኛ ሳይመጣ በፊት ሩስተንበርግ ሳለ ወገቡ ተይዞ ካልሲውን ሰው ነበር የሚያጠልቅለት። እሷ ይኼን ስታወራ እሱ መሬት መሬት ያያል።

ሠናይት እግርህ ይደነዝዛል ወይ፣ ሽንት መቆጣጠር ያቅትሃል ወይ፣ ትኩሳት አለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከነዚህ አንዱ ቢኖር ቀጥታ ሆስፒታል ነበር የምልክህ አለች። ስለ ኩላሊቴ ስነግራት ጎኔን መታ መታ አድርጋ አየችና ከማስኳ ሥር ፈገግ ያለች መሰለኝ። የኩላሊት ምልክት የለህም፤ የተቆጣው ጡንቻህ ነው አለችኝ። የወገብ ጡንቻ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህ ስትውል ይላላል፣ ጎርባጣ ነገር ላይ ስትተኛ አያርፍም፣ ከዚያ በድንገት ጎንበስ ብለህ ሸክም ይዘህ ስትጠማዘዝ ይቀደዳል። በየሰዓቱ ተነስቼ እንድራመድ፣ ከጆንያ ወርጄ ደህና ፍራሽ እንድገዛ፣ ሸክም ከደረቴ አስጠግቼ በጉልበቴ እንድነሳ፣ ከባዱን ለሁለት እንድከፍል መከረችኝ። በሙቅ ውኃ ላስቲክ እንድተኩሰውም ነገረችኝ። «ብቻ ተኝተህ አትክረም» አለች፤ «የተኛ ወገብ ይብሳል። ቀስ እያልክ ተንቀሳቀስ።»

እኔ ግን ልቤ አበራ ላይ ነው። ወገቡ እግዜር የሰጠው ቢሆን፣ እሺ፣ ከእግዜር ጋር ምን ክርክር አለኝ? ተምሮ ያመጣው ነው እንጂ። አጠገቤ እየበላ፣ አጠገቤ እየሠራ፣ በየማለዳው እያደረገው፣ እኔ እያሾፍኩበት። ይኼ ከበፊቱ ይበልጥ አቃጠለኝ።

መኪና ውስጥ ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

«አንተስ መቼ ነገርከኝ?» አለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ግን ጋሽ ተሾመ የእኔን ቢያውቁ ይቀጥሩኝ ነበር?»

ከዚያ በኋላ እስከ አይቮሪ ፓርክ አንድ ነገር እያብሰለሰልኩ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ጋሼ፣ አበራ እኮ ወገቡ የተጎዳ ሰው ነው።» ሱቁ የእኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ በር ላይ

ጋሽ ተሾመ ቆመው ነበር የጠበቁን። ጭነቱን አዩና ይኼን ሁሉ የጫነው ማነው አሉ።

«ሁለታችን ነን» አለ አበራ፣ ሳያየኝ።

ጋሽ ተሾመ ወደ እኔ ዞሩ። ዓረፍተ ነገሩ አፌ ላይ ነበር። አበራ እጁን በሱሪው እየጠረገ መሬት መሬት ያያል፤ ሠናይት ፊት እንዳደረገው። የምናገረውን አውቋል።

«ወገቤን አሞኛል ጋሼ» አልኩ። «ጀፕ ላይ ቀጭ አለብኝ። ሁሉንም የጫነው አበራ ነው።»

ጋሽ ተሾመ ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝና ጭነቱን መቁጠር ጀመሩ። በማግስቱ የቴምቢሳውን ቁልፍ ለአበራ ሰጡት። እኔን አላባረሩኝም፤ ሸክሙን የሚያግዝ ሌላ ሰው ግን ቀጠሩ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት በጉልበት መነሳትን ነው። አበራ ወደ ቴምቢሳ ከመሄዱ በፊት ማለዳ ማለዳ ሱቁ ኋላ እያቆመ አሳየኝ፤ እንዴት ቁጢጥ እንደሚባል፣ እንዴት እንደሚለጠጡ። ጆንያ ላይ መተኛት ትቻለሁ፤ ሳጥኔ ላይም ደንበኛ በሌለ ቁጥር እነሳለሁ። ወገቤ ለቆኛል፤ ዛሬ ሃምሳ ኪሎውን እኔም አነሳዋለሁ። ቅናቱ አልለቀቀኝም። በፊት በወገቡ ነበር የምቀናው፤ አሁን «ሁለታችን ነን» ባለበት አፉ እቀናለሁ፤ እኔ በእሱ ቦታ ብሆን አልለውም ነበር።