ከቆርቆሮ ጋር የተሟገተ ጉሮሮ

መጀመሪያ የጠፋብኝ የድምፄ ጫፍ ነበር። እንጅባራ ውስጥ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። ፊደል ሳስቆጥር «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያልኩ «ሆ» ላይ ስደርስ ድምፄ ተቆርጦ አየር ብቻ ይወጣል። ጉንፋን ነው ብዬ ተውኩት። የኛ አገር ዝናብ መስከረም ጠባ ብሎ አይተውም፤ የክፍላችን ጣሪያ ደግሞ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። ዝናቡ ሲወርድበት እኔም ከሱ በላይ እጮሃለሁ። ስምንት ዓመት እንዲህ ኖርኩ።

ዝንጅብል በማር ጠጣሁ፤ ጸበልም ሄድኩ። ከዚያ ድምፄን ላሳርፈው ብዬ ሁለት ወር በሹክሹክታ አስተማርኩ። ልጆቹም ተከትለውኝ ማንሾካሾክ ጀመሩ፤ ርዕሰ መምህሩ በበሩ ሲያልፉ ክፍሉ ባዶ መስሏቸው ነበር። ሳቅሁ። ሳቄም አልተሰማም።

አንድ ጠዋት ስም ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ደገምኩ። ልጆቹ ይጠብቃሉ። ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ። ፈራሁ። ከማስተማር ሌላ ሥራ አላውቅም።

ባሕር ዳር ያገኘኋት የአንገት በላይ ሐኪም ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገብታ አየች።

«ኖዱል ይባላል፤ የድምፅ አውታሮችሽ መዳፍ እንደሚያወጣው መጅ አውጥተዋል» አለችኝ። «ሹክሹክታ ዕረፍት አይደለም፤ ይብስ አድክሟቸዋል። በሦስት ወር ልምምድ ካልቀነሰ ኦፕራሲዮን እናስብበታለን።»

ልምምዱ በጀርባ ተኝቶ፣ ሆድ ላይ መጽሐፍ አስቀምጦ፣ መጽሐፉን በትንፋሽ ማንሣት ነው። እኔ ስተነፍስ ግን ትከሻዬ ነው የሚነሣው። ሳምንታት አለፉ። ሰለቸኝ። የሕመም ፈቃድ ወስጄ ዳንግላ አጠገብ ወደሚያርሱት አባቴ ሄድኩ።

አባቴ ለድንች መሬት እያለሰለሱ ቀኑን ሙሉ በሬዎቹን ይጣራሉ፤ ማታ ድምፃቸው እንደ ጠዋቱ ነው። ልምምዴን አይተው ሳቁ።

«ትከሻሽን ምን አሸከመሽ? እኔ በጉሮሮ ብጣራ በሬዎቹ ጥለውኝ ይሄዱ ነበር። ነይ፣ እርፉን ያዢ!»

«አባየ፣ ሰው ቢያይስ?» አልኩ በተቆራረጠ ድምፅ። በኛ ዘንድ ሴት እርፍ አትይዝም።

«ሐኪም ያዘዘላት ነው እላለሁ።»

ያዝኩ። «መጀመሪያ እግርሽን ትከዪ፣ ከዚያ በሆድሽ ተጫኚ» አሉኝ። ተጫንኩ። በሬዎቹ ሲንቀሳቀሱ «ሂድ!» የሚል ድምፅ ከውስጤ ወጣ፤ ትንሽ ነው፣ ግን ጫፉ አልተቆረጠም። ትልሙ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ እግሬን ተክዬ፣ ጉልበቴን አላልቼ፣ ትንፋሼን ከሆዴ «እምምም» እያልኩ እያወጣሁ ተለማመድኩ፤ በሦስተኛው ወር ሐኪሟ ስታየኝ ኖዱሉ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም፣ ኦፕራሲዮኑ ግን ቀረልኝ። ዛሬም ማታ ማታ ይደክመኛል።

ሐኪሟንና አባቴን አመሰግናለሁ። እናንተም ድምፃችሁ ከሦስት ሳምንት በላይ ከሻከረ በዝንጅብል አትሸንግሉት፤ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ታዩ። አታንሾካሹኩ። ከዝናብም ጋር አትሟገቱ።

አሁን ዝናብ ሲመጣ ጠመኔዬን አስቀምጣለሁ፤ እኔና ልጆቹ ቆመን፣ እጃችንን ሆዳችን ላይ አድርገን እስኪያባራ እንተነፍሳለን። ትናንት ሲያባራ «ሆ» አልኩ። የኋላ ወንበር ላይ ያሉትም ሰምተው መለሱልኝ።