እናቴ የጠጣችው ኮሶ

ባለፈው ቅዳሜ ሞጣ ገበያ አንዲት ሴት የደረቀ ኮሶ ዘርግታ አየሁ። ሽታው ሳይደርሰኝ ምላሴን መረረኝ። ፊቴን አዙሬ አለፍኩ፤ ዳሩ ምን ያደርጋል፣ ሽታው ቢቸና፣ እናቴ ቤት ድረስ ይዞኝ ሄደ።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ እንደ ሞተ ታናሽ ወንድሙ፣ "ቤት ያለ ወንድ አይሆንም" ብሎ ጓዙን ጠቅልሎ ገባ። የወንድነቱ ሥራ ምን እንደነበር እንጃ፤ እርፍ አልጨበጠ፣ እንጨት አልፈለጠ። ማዕድ ሲቀርብ ግን ማን ቀድሞት! እሱ ጠግቦ ሲነሳ እኛ ልጆች እንቀርባለን። እናቴ መጨረሻ ላይ ሳህኑን በቁራሽ እንጀራ ትጠርግና "እኔስ ስሠራ ስቀምስ ጠግቤያለሁ" ትለናለች። እኛም እናምናት ነበር።

ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የሳይንስ መምህር ነበረን። ላም የዋጠችውን መልሳ እንደምታመሰኳ፣ ጥርስ የሌላት ዶሮ በዋጠችው ጠጠር እህል እንደምትፈጭ፣ ዝንብ ምራቋን ተፍታ ምግቧን አሟሙታ እንደምትመጥ በጠመኔ እየሳለ ሲያስረዳን ደወሉን እረሳው ነበር። አንድ ቀን የኮሶ ትል ሳለ። "ይህች አፍም ጨጓራም የላትም" አለን። "ሌላው ለፍቶ ያላመውን በገላዋ ትመጠዋለች። የምትገባውም ከጥሬ ሥጋ ነው።"

በዚያው ሰሞን እናቴ ከሳች። ቀሚሷ ሰፋት፣ እንስራ ስታነሳ ዓይኗ ይጨልምባት ጀመር። አጎቴ መደቡ ላይ እንደተጋደመ ፈረደ፦

"ኮሶ ነው አንች! ጠጭና ይውጣልሽ።"

"እሽ፣ እርስዎ ካሉ።"

እናቴ ጥሬ ሥጋ በአፏ ዞሮ አያውቅም፤ ቁርጥ የሚቆርጠው እሱ ነበር። መምህሩ ያለውን ብነግራት "ዝም በይ፣ የታላቅ ቃል አይመለስም" አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት በባዶ ሆዷ ጨለጠችው። ቀኑን ሙሉ ከጓሮ ስትመላለስ ዋለች። ከውሃ በቀር የወጣ ነገር አልነበረም፤ ምን በልታ ምን ይወጣል? አጎቴ ግን "ገና አልለቀቃትም፤ ይደገም" አለ። ተደገመ። ሁለተኛው አልጋ ላይ ጣላት፤ ክረምቱ ሳይወጣ ቀበርናት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አጎቴ አሁን እዚህ ሞጣ፣ እኔ ቤት ነው። ጥርሱ አልቋል፤ ሌላ የሚጦረው ዘመድ የለውም። ያን ቅዳሜ ከገበያ ገብቼ ገንፎውን ሳጎርሰው፣ ምን እንዳስታወሰው እንጃ፣

"እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ምግብ አትወድም ነበር" አለኝ።

ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ። እሱ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

አጎረስኩት።