ለአንድ ሬሳ ሁለት ድንኳን

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። የሃይማኖት ክርክር ሲነሣ ዝም እላለሁ፤ ሊቅ አይደለሁም። ይህን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያየሁትን ከመናገር የሚከለክለኝ የለም።

ያን ጊዜ ቂርቆስ ውስጥ የእድራችን ዕቃ ጠባቂ ነበርኩ። ድንኳኑም፣ አግዳሚውም፣ ድስቱም በኔ እጅ ነው። ከኛ ቤት ዝቅ ብሎ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ አንድ የጋምቤላ ሰው ከሚስቱ ጋር ይኖር ነበር። ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት መኪና ስለሚነዳ ሁላችንም ሹፌሩ እንለዋለን። ሃይማኖታቸው አንግሊካን የሚባለው፣ ከእንግሊዝ የመጣው ነው። በአገራቸው ብዙ ሰው ይከተለዋል።

ደምበል ያ ትልቁ ሕንፃ ተከፍቶ ሰው ሊያየው ይጎርፍ ከነበረበት ጊዜ ትንሽ ቆይቶ፣ የነሹፌሩ ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ተከፈለ። ምን ሆናችሁ ብዬ ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ነገሩ ከባሕር ማዶ ነው የመጣው» አለኝ። «ጳጳሶቹ ተጣሉ። እነዚህ እነዚያን ስታችኋል አሏቸው። የወጡት ለራሳቸው ጳጳስ ሾሙ። ነባሮቹ ደግሞ ያ ጳጳስ ጳጳስ አይደለም፣ እሱ የሾመውም ቄስ ቄስ አይደለም አሉ።»

«አንተስ ከየትኞቹ ነህ?»

«ከወጡት።»

አልፈረድኩበትም። የኛም ቤት በዚያ ዘመን አንዱ ሲኖዶስ እዚህ፣ አንዱ ውጭ አገር ሆኖ ይወጋገዝ ነበር። የራሴ ጣራ እያፈሰሰ የሰው ጣራ ምን ልበል?

የወጡት ካዛንቺስ ከሆቴሎቹ ጀርባ ግቢ ተከራይተው ይጸልያሉ። ቄሳቸው ወጣት ነው። የነባሮቹ ቄስ ደግሞ ሽማግሌ ናቸው፤ ይህንኑ ወጣት ከልጅነቱ ጀምሮ ቤታቸው አኑረው፣ አስተምረው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሹፌሩ እንደነገረኝ መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላም ይሉታል፤ ቄስ ግን አይሉትም።

የሹፌሩ ሚስት ብዙ ታማ ሞተች። ቃሏ አንድ ነበር፦ «አልጋዬ ድረስ እየመጣ ያቆረበኝ ቄስ ይቅበረኝ።» ያ ወጣቱ ነው። የመቃብሩ ቦታ ግን የነባሮቹ ነው። ሽማግሌው ቄስም፣ «እዚያ መሬት ላይ ያልታወቀ ቄስ አይቀብርም፤ እኔ እቀብራታለሁ» ብለው ላኩበት። ሹፌሩ ከቃሏ አልወጣም አለ። ሬሳው ቤት፣ ሰዓቱም እየሄደ።

ጥሩንባው ተነፍቶ ዕቃ ቤቱን ስከፍት ሁለት ሰዎች መጡ፤ አንዱ ከነባሮቹ፣ አንዱ ከወጡት። በአንዲት ነገር ብቻ ተስማምተዋል።

«አባባ፣ ሁለት ድንኳን ይስጡን።»

«ሁለት ሰው ሞተ እንዴ?»

«አይ፣ ማለቴ... አብረን ስለማንቀመጥ ነው።»

«ለአንድ ሬሳ ሁለት ድንኳን አልተክልም።»

«እድሩ ሁለት አለው ተብለናል እኮ!»

«አለው። ሁለት ሰው ሲሞት ነው የሚወጣው። በቃ።»

ሽንኩርት የምትከትፍ ጎረቤቴ ካለችበት ሆና፣ «ሬሳውንስ በመጋዝ ነው የምትካፈሉት?» አለች።

«አንቺ ደግሞ፣ አፍሽን ያዢ!» አልኳት። ግን ልክ ነበረች።

አንዱን ድንኳን ተከልኩ። ነባሮቹ በቀኝ፣ የወጡት በግራ ተደረደሩ፤ መሃሉ ባዶ ሆነ። ሹፌሩ እዚያ ባዶው ላይ ብቻውን ቁጭ አለ። ቆይቶ የእድሩ ሰው መጣ። የጉራጌው ባለሱቅ፣ ከመስጊድ የተመለሱ ሽማግሌዎች፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ማን ከማን ተጣላ ሳይሉ ክፍት ያገኙት መሃል ላይ ገብተው ሞሉት። ዝናቡም ድንኳኑን ይደበድብ ጀመር።

ያ ቁልቁለት ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ነው። ስለዚህ ሳጥን ስናወጣ ተሸካሚ የማጣምረው በቁመት ነው፤ ቁመት ካልገጠመ ሳጥኑ ያዘነብላል። አንዴ ከተነሣ ደግሞ አውቶቡሱ ዘንድ ሳይደርስ መሬት አይነካም፤ የእድራችን ደንብ ነው። ለፊተኛው ቦታ ረጃጅም ሰው ስፈልግ ሁለት አየሁ። አንደኛው አርጅተውም እንደ ባሕር ዛፍ ቀጥ ያሉ፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ፤ ሁለተኛው ተራ ጃኬት የለበሰ ወጣት። ሁለቱንም በመልክ አላውቃቸውም።

«እርስዎ በዚህ! አንተ በዚያ! ግቡ!» አልኩ።

ሰዉ ሁሉ አፍጥጦ አየኝ። ምን አጠፋሁ ብዬ ስዞር ሹፌሩ እጁን አፉ ላይ ጭኗል። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሁለቱን ቄሶች ነው ያጣመርኩት።

ሽማግሌው ወጣቱን አዩት፤ ወጣቱ መሬት መሬት አየ። የኋለኞቹ ግን አንሥተዋል፤ ሳጥኑ ከፊት ሰው ይጠብቃል። ሁለቱም ትከሻቸውን ሰጡ።

ከዚያ የሆነውን በወጉ መጻፍ አልችልም። መሃል መንገድ ላይ ሽማግሌውን አዳለጣቸው። ወጣቱ በአንድ እጁ ሳጥኑን ይዞ በሌላው ወገባቸውን አቀፈ፤ ሳጥኑ ንቅንቅ አላለም። እንደተቃቀፉ እዚያው ቆመው ቀሩ። ሽማግሌው በአገራቸው ቋንቋ ጸሎት ጀመሩ፤ ወጣቱ ቀጠለ፤ አንዱ ሲያቆም አንዱ ያነሣል፣ መጽሐፍ የያዘ የለም። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ የቀኙም የግራውም ሰው ከኋላ ተደባልቋል፤ እሱም በአንድ ድምፅ ይመልስላቸው ጀመር። በንግሥ ቀን ታቦት አልሄድ ብሎ ሲቆም አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ሰውነቴን የወረረኝ ያው ፍርሃት ወረረኝ። ቋንቋቸውን አልሰማም፤ ቆቤን ግን አወለቅኩ።

አውቶቡሱ ዘንድ ስንደርስ ሹፌሩ ሽማግሌው ፊት ቆመ።

«አባቴ፣ እንግዲህ ማን ይቅበራት?»

«ልጄ፣ ቄስ ነው እንድል ጳጳሴ አልፈቀደልኝም። ዛሬም አልልም» አሉ። ቀጥለው ትከሻቸውን እያሹ፣ «ግን እኔን ሲያዳልጠኝ ሳይጥል የተሸከማት ይቅበራት» አሉ።

ወጣቱ ከፌስታል ነጭ ልብሰ ተክህኖውን አውጥቶ እዚያው መቃብሩ አፍ ላይ ለበሰ። ሽማግሌው ከጉድጓዱ ማዶ፣ ባዶ ራሳቸውን ዝናብ እየመታቸው ቆሙ። ልጁ ጸሎቱን ሲጨርስ ከሁሉም ሰው ቀድመው፣ ጮክ ብለው፣ አሜን አሉ።

በእሑዱ ሁሉም ወደየግቢው ሄደ። ታረቁ ሲባል እስከ ዛሬ አልሰማሁም፤ የጳጳሶቹም ነገር የት እንደደረሰ አላውቅም። ሹፌሩ ግን ከመቃብር ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ጭቃ በነካው እጁ እጄን ይዞ ነበር።

«ጋሼ፣ ሰምተዋል አይደል? አሜን አሉ እኮ።»

«ሰምቻለሁ» አልኩት።

ቂርቆስ እስክንደርስ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ እኔም በጠየቀኝ ቁጥር ሰምቻለሁ አልኩት።