በካባው ቀዳዳ የገባችው ፀሐይ

ግራሲዬትን ወደ ቤተ ሙከራ የጎተታት የአክስቷ የዴኦሊንዳ እግር ነው። ቁስሉ ዓመታት ሙሉ ታጥቦ፣ ታሽጎ፣ ተፈትቶ አልድን ብሏል። ስለዚህ እዚህ ፖርቶ፣ በአንዲት ትንሽ ኮሌጅ፣ ለመመረቂያዋ የመረጠችው ቁስል ላይ ተቀብቶ ቀይ ብርሃን ሲበራበት ጀርም የሚገድል መድኃኒት ነው። ሙከራው ከተሳካ አንድ ሆስፒታል ሥራውን ተረክቦ ወደ በሽተኞች ሊያደርሰው ቃል ገብቷል። ካልተሳካ ይዘጋል፤ ዳግም የሚከፍተውም የለም።

መድኃኒቱ ጊዜው ሳይደርስ ብርሃን ካየ ዋጋ የለውም። የቤተ ሙከራው የመስኮት መጋረጃ ማንጠልጠያ ደግሞ ከጥር ጀምሮ እንደተሰበረ ነው። ግራሲዬት ባመለከተች ቁጥር «ይታያል» ይሏታል። ለእንግዳ መቀበያው ምንጣፍ ሲቀይሩ ግን ማንም «ይታያል» አላለም!

የተመራቂዎች ሰልፍ ዕለት ተረኛው ሙከራውን አብሯት የሚሠራው ተማሪ ቤልሚሮ ነበር። መድኃኒቱ መስኮቱ ሥር፣ በሚያማስለው መሣሪያ ላይ ይዞራል። መሸፈኛው የአልሙኒየም ወረቀት አልቋል። ተመራቂ ለሰልፉ ካባውን ትቶ ባርኔጣና ከዘራ ይዞ ይወጣልና ቤልሚሮ ጥቁር ካባውን መሣሪያው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ጭፈራው በረረ።

በማግስቱ ግራሲዬት መድኃኒቱን ጀርሞች ላይ ጨምራ ቀዩን ብርሃን አበራች። ጀርሞቹ ምንም አልሆኑም፤ እንዲያውም ፋፍተዋል።

«በምንድን ነው የሸፈንከው?»

«በካባዬ። ከዚህ የጠቆረ ጨርቅ ከየት ይመጣል?»

ካባውን አንስታ መስኮቱ ላይ ዘረጋችው። ወንፊት! እዚህ አገር ልጅ ሊመረቅ ሲል ወዳጅ ዘመድ ካባውን ለፍቅር ምልክት ይቀድለታል።

«ይቺ ቀዳዳ የማናት?»

«የእናቴ።»

«ይቺ በር የምታክለዋስ?»

«የፍቅረኛዬ የማፋልዳ ናት። በጣም ትወደኛለች።»

«ምነው ትንሽ እንኳ በጠላችህ!»

ቤልሚሮ ሊስቅ ብሎ ፊቷን ሲያይ ተወው።

አማካሪያቸው ዶክተር ቬናንሲዮ ግን አልተጨነቁም። «ልጄ፣ ‹መድኃኒቱ አልሠራም› ብለሽ ጻፊና ተመረቂ። ነጥብሽን አልነካብሽም።»

«ዶክተር፣ መድኃኒቱ መቼ ተሞከረና? የበላችው ፀሐይዋ ናት። እንደገና ልሥራው።»

«ገምጋሚዎቹ ዓርብ ነው የሚመጡት። ሁሉም ተማሪ አንድ ነገር ይበላሽበታል፣ አታካብጂው።»

አታካብጂው! በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር የስንት ሰው እግር እንደሚበሰብስ የሚቆጥር የለም። ወረቀት ላይ «አልሠራም» የተባለን መድኃኒት ከዚያ በኋላ ማን ይነካዋል? እንዲህ ያለ ውሸት ደግሞ ማንንም አያስከስስም፤ ጨዋ ነው፣ ከረባት አስሮ ያልፋል።

ዓርብ ዕለት ግራሲዬት ገምጋሚዎቹ ፊት ቆማ ሙከራው እንዳልተካሄደ ተናገረች። መጋረጃውንም፣ ካባውንም፣ ሁሉንም አወራች። ሰብሳቢው «መጋረጃ የምርምሩ አካል አይደለም» አሉ። «አልሠራም» የሚለው ወረቀት ላይ አልፈርምም አለች። ቤልሚሮ ፈረመና ተመረቀ፤ የእሷ ምረቃ ወደ ሌላ ዓመት ተላለፈ። ሆስፒታሉ ይጠብቃል ወይ ብላ ስትጠይቅ «እናያለን» ተባለች።

ማታውኑ አክስቷ ቤት ሄዳ የሆነውን ነገረቻት።

«ስለኔ ብለሽ ነው ዲግሪሽን የጣልሽው?»

«ወረቀቱ ውሸት ነዋ፣ አክስቴ።»

«ውሸት መሆኑንማ ነገርሽኝ። መድኃኒቱ ስንት ጊዜ ይፈጃል ነው የምልሽ።»

«ዓመት። እነሱ እሺ ካሉ።»

ዴኦሊንዳ እግሯን በርጩማው ላይ እንደሰቀለች ልጅቱን አፍጥጣ አየቻት።

«እንግዲያው እጅሽን ታጠቢና ፋሻዬን ቀይሪልኝ። ነርሷም ዛሬ ቀርታለች።»