አሞራ ያላመደ ሰው

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ክፍሉ የሚባለውን ሰው የሚጭን ባጃጅ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ሾፌሮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩት ስልካቸውን አውጥተው ጆሯቸው ላይ ይለጥፋሉ። አይፈረድባቸውም፤ ሰውየው ይሸታል። ቢታጠብም ይሸታል። ባለቤቱ ስምረት ልብሱን ዘፍዝፋ፣ አሽታ፣ ፀሐይ ላይ አውላውም ይሸታል። የሞተ ከብት ሽታ እንዲህ በዋዛ የሚለቅ ነገር አይደለም። በስተመጨረሻ የራሱን አሮጌ ባጃጅ ገዛና እሱም ተገላገለ፣ ሾፌሮቹም ተገላገሉ።

እንዲህ ሲባል ሥራው ሌላ እንዳይመስል፤ ክፍሉ ፎቶ አንሺ ነው። አባቱ አቶ ማዘንጊያ ምድር ባቡርን ሲያገለግሉ ያረጁ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸው ካሜራ አንጠልጥሎ ሲመጣ ሥራ መስሎ አልታያቸውም። ተሳስተዋል። በእሱ ዘመን ሳቢያን ውስጥ የተዳረ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በክፍሉ ስቱዲዮ አልፏል። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶግራፍ የሚነሳው ሰው እንኳ ከሌላው ቤት ይልቅ እሱ ጋ ሲነሳ ያምርበታል ይባል ነበር። ምስጢሩ ደግሞ ምንም አልነበረም፤ ሰውየው ሳይለመድ አያነሳም። ሙሽራዋን ያስቀምጥና ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሚዜዎቹ፣ ስለ አማቷ ያስወራታል። ካሜራ መኖሩን ስትረሳው ያኔ ያነሳታል። ያልለመደ ፊት ይዋሻል ይላል ክፍሉ፤ ይህን ሲል ደግሞ ራሱን እንደ ትልቅ ሊቅ ይቆጥራል።

ከዚያ ስልኩ መጣና አገሩ ሁሉ ፎቶ አንሺ ሆነ። ስቱዲዮው ጭር ሲልበት ክፍሉ ካሜራውን ይዞ ከከተማ መውጣት ጀመረ። ከመልካ ጀብዱ ባሻገር ባለው የግራር ሜዳ እንሹ አነሳ፤ ያቺን ጥንቸል የምታህል ሚዳቋ ከባሏ ጋር ቆማ። በሐርላ ፍርስራሽ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ሽኮኮዎችን፣ ከገደሉ ጫፍ ላይ ሰስ የምትባለውን ከድንጋይ ድንጋይ የምትዘል ሚዳቋ፣ ጎርፍ ካለፈ በኋላ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ የቀሩ ጓጉንቸሮችን አነሳ። ሁሉንም በዚያው ዘዴ ነው፤ መጀመሪያ ያለ ካሜራ ሄዶ ይቀመጣል፤ እስኪለምዱት ይመላለሳል፤ ከዚያ ያነሳል። አንዲት ሰስ ለማልመድ አንድ ክረምት ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከርሟል። ስምረት «እኔን ለማግባት እንኳ ይህን ያህል አልታገስክም» ትለዋለች። እውነቷን ነው።

ልቡን የወሰዱት ግን ጥንብ አንሳዎቹ ናቸው። ምን ይደረግ፤ ሰው የሚወደውን አይመርጥም። በተለይ ነጮቹን፣ ፊታቸው እንደ ብርቱካን ቢጫ የሆኑትን ይወድ ነበር። ከእነሱ ውስጥ ክረምቱን ከባሕር ማዶ አሳልፈው በጥቅምት ድሬዳዋ የሚገቡ አሉ። ያን ሁሉ አገር አቋርጠው መጥተው የሚቀበላቸው የእኛ ቆሻሻ መጣያ ነው። ሰው ሲያያቸው ይተፋል። ክፍሉ ግን በሌንሱ አስጠግቶ ሲያያቸው ዓይናቸው፣ አንገታቸው ላይ ያለው ለስላሳ ላባ፣ ሲበሉ እንኳ አንዱ ለሌላው የሚለቅበት ሥርዓት ነበር የሚታየው። ማንም እንዲህ አድርጎ እንዳላያቸው ሲያስብ ያዝንላቸው ነበር።

ስለዚህ ሐርላ ወጥቶ ከኦቦ መሐሙድ ጋር ተነጋገረ። ኦቦ መሐሙድ ከብትም ማሽላም ያላቸው፣ መንደሩ የሚሰማቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ከብት ሲሞትባችሁ የት ትጥሉታላችሁ?» አላቸው።

«ከቤቱ ጀርባ ነዋ። ሌሊት ጅብ ይጨርሰዋል።»

«ለእኔ ከታች ካለው ደረቅ ሸለቆ ብትጥሉልኝስ?»

«ምን ልታደርገው ነው አቦ?»

«አሞራ ላበላበት።»

ኦቦ መሐሙድ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ይሁን እንጂ ነገሩን አልጠሉትም፤ መንደሩም ከሽታ ይድናል። ከዚያ በኋላ የሞተ ሁሉ፣ አህያውም ፍየሉም፣ ወደ ሸለቆው ይጎተት ጀመር። ስሙም የክፍሉ ቦታ ሆነ።

ክፍሉ መጀመሪያ ከእሾህ አጥር ጀርባ በሸራ ተሸፍኖ ተቀመጠ። ቆይቶ ሸራውን ገፈፈው። ቆይቶ አጥሩን አነሳው። ወፎቹ ሰው የሚባል ነገር ከሩቅ ሲያዩ የሚነሱ ነበሩ፤ በሁለተኛው ዓመት ግን የባጃጁ ድምፅ ከዳገቱ ሲሰማ ከሰማይ እየተሽከረከሩ ይወርዱ ነበር። ሙሽሪት ብሎ የሰየማት አንዲት ነጭ፣ በልታ ስትጨርስ ጫማው አጠገብ መጥታ ላባዋን ታበጥራለች። ክፍሉ ልጅ የለውም። ስምረት ስለ ሙሽሪት ሲያወራላት ሰምታ ሰምታ አንድ ቀን ወሬውን ሳይጨርስ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጥታለች።

ያን ዓመት በልጉ ቀረ። ከብቱ ከሳ፣ ከዚያም ይታመም ጀመር። የኦቦ መሐሙድ ላም ስትሞት ሰዎቹ በገመድ ጎትተው ሸለቆው አደረሱለት። በማግስቱ ማለዳ የወረደው ወፍ ብዛት እስከዚያ ቀን ታይቶ አያውቅም። ብርሃኑ ደግሞ ሰጠው፤ አቧራው ሳይነሳ፣ ፀሐይዋ ከጎን ስትወጣ። ሙሽሪት ብቻ ስላልመጣች ቅር አለው። የቀረው ሁሉ ሞልቶለት በዕድሜው ያላነሳውን ፎቶ ያን ቀን አነሳ። ማታ ለስምረት ሲያሳያት፣ ሁልጊዜ ፊቷን የምታዞረው ሴት አጎንብሳ አየችና «ቆንጆዎች ናቸው እኮ» አለች። በደስታ እንቅልፍ አልወሰደውም።

ቀጥሎ ሲሄድ የባጃጁን ድምፅ ሰምቶ የመጣ አልነበረም። ግራሩ ላይ ግን ሞልተዋል። አንገታቸው ወደ ደረታቸው ወድቆ፣ የተቀመጡበት እንቅልፍ የጣላቸው ይመስላሉ። ክፍሉ ሙቀት ነው ብሎ አሰበ። ጥም ነው ብሎ አሰበ። ጀሪካኑን አውጥቶ በሳህን ውሃ አቀረበላቸው፤ የሚወርድ ጠፋ። ቆሞ ሲያይ አንደኛው ከቅርንጫፉ ላይ ወደቀ። ሮጦ አነሳው፤ ውሃ በመዳፉ ወደ ምንቃሩ አስጠጋለት፤ ውሃው በጎን ፈሰሰ። ወፉ እጁ ላይ ሞተ። ዞር ሲል ነው ከዛፉ ሥር፣ ከድንጋዩ ጥግ፣ ከቁጥቋጦው ውስጥ የወደቁትን ያየው። እዚያው መሐላቸው ተቀመጠ።

የበሉት የላሚቱን ሥጋ ነውና፣ ማን አክሟት እንደነበር ሲጠይቅ ከሪም ነው አሉት። ከሪም በሞተር እየዞረ ከብት የሚያክም ወጣት ነው። ክፍሉ መልካ ጀብዱ ድረስ ሄዶ፣ አንድ የሻይ ቤት በር ላይ አገኘው።

«ለላሚቱ ምን ሰጠሃት?»

«የሕመም ማስታገሻ ወጋኋት። መቼም አልዳነችም ሚስኪን፤ ግን ሳትሰቃይ ሞተች።»

ክፍሉ ያየውን ነገረው። ከሪም ብርጭቆውን አስቀምጦ መሬት መሬት አየ።

«ሥልጠና ላይ ነግረውን ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «የተወጋች ላም ቶሎ ከሞተች ሥጋዋ አሞራ ይገድላል ብለውናል። ጅብና ውሻ ምንም አይሆንም፤ አሞራ ግን ኩላሊቱ አይችለውም። ዋላሂ ክፍሉ፣ ትዝም አላለኝ። ከዚህ በፊት ከመንደር የተጣለን ከብት አሞራ መቼ ደፍሮ ይነካል፤ ሰው ይፈራላ።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ክፍሉን ገደለችው። ሌላው ሁሉ የአምላክ ሥራ ነው፣ የድርቅ ነው፣ የመድኃኒት ነው ሊባል ይችላል። ፍርሃታቸውን የወሰደባቸው ግን እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ተግቶ፣ በትዕግሥት፣ በፍቅር ነው የወሰደባቸው።

ክፍሉና ኦቦ መሐሙድ፣ ወፍ እንዳይነካው ብለው፣ በላሚቱ የተረፈ አካል ላይ ድንጋይ ከመሩበት። በሳምንቱ ግን የአንዲት የመንደሩ ሴት፣ የአዴ ፊርዶስ ጊደር ሞተችና ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ጎትተው ሸለቆው አመጧት። እሷም ተወግታለች። ክፍሉ መንደሩ መሐል ቆሞ ለመናቸው። እንዲቀብሩ ለመነ፤ መሬቱ አለት ነው፣ የሰዉም ጉልበት በረሃብ አልቋል። እንዲያቃጥሉ ለመነ፤ ለማብሰያ ያጡትን እንጨት ለበድን ከየት ያምጡት። ወደ ድሮው ቦታ እንዲመልሱት ለመነ፤ አንዴ ከሽታው የተገላገለ ማን እሺ ይላል። ሲጨንቀው መርፌውን እንዲተዉት ለመነ። ያኔ አዴ ፊርዶስ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ጊደሬ አፈር ላይ ስትንፈራገጥ ዝም ብዬ ልያት ነው የምትለኝ?» አሉት። «በእጄ ያሳደግኳትን? ለአሞራ ብዬ?»

ሴትየዋ ልክ ናቸው።

«እና እኔ ምን ላድርግ?» አለ ክፍሉ፤ ለማን እንዳለው ራሱም አያውቅም።

የመለሱለት ኦቦ መሐሙድ ናቸው። «እኛ ማሽላችን ላይ ወፍ ሲመጣ ምን እናደርጋለን?» አሉና ከጎጇቸው ወንጭፍ አመጡለት።

በሕይወቱ አንድ ፍጡር አስደንግጦ የማያውቅ ሰው ወንጭፍ ተማረ። በወጉ አቅጣጫውን እስኪይዝ ድረስ የገዛ ትከሻውን መታ፣ ባጃጁን መታ፤ የማሽላ ጠባቂዎቹ ሳቁበት። እሱ አልሳቀም። በማግስቱ ማለዳ ካሜራውን ቤት ትቶ ከጊደሯ አጠገብ ቆመ። ከሞት የተረፉት ወፎች የባጃጁን ድምፅ ሰምተው እየተሽከረከሩ ወረዱ። የመጀመሪያው ድንጋይ አጠገባቸው ሲያርፍ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ቆሙ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ያበላቸው ሰው ነው፤ ቢጠብቁት ነገሩ ያልፋል ብለው ይሆናል። ክፍሉ ጮኸ፣ እጁን አወናጨፈ፣ እየሮጠ ገባባቸው። ይነሡና ወዲያው ተመልሰው ያርፋሉ። በድኗ ላይ ሸራ ጣለ፤ የሸራውን ጠርዝ በምንቃራቸው ይጎትቱት ጀመር። ፀሐይዋ ስትበረታ ድምፁ ተዘግቶ ነበር። «ሂዱ፣ በእናታችሁ ሂዱ» ይላቸዋል፤ የሚወጣለት ግን ሹክሹክታ ብቻ ነው።

ይሄን ጊዜ ሙሽሪት መጣች።

ከዚያ ወዲህ ስላላያት፣ እሱ በሌለበት መጥታ ከሥጋው በልታ ሞታለች ብሎ አልቅሶላት ነበር። አሁን ከሌሎቹ ርቃ አረፈችና በዚያ እየተነቀነቀች በምትሄድበት አረማመዷ፣ ወደ ሸራው ሳይሆን ወደ እሱ መጣች። የደስታ እንባ ዓይኑን ጋረደው። ሌሎቹ የሚያዩት እሷን እንደሆነ ግን ያውቃል። እሷ ከቀረበች ይቀርባሉ፤ እሷ ካልፈራች ማንም አይፈራም። ከጫማው አጠገብ ደርሳ ላባዋን ማበጠር ስትጀምር ጎንበስ ብሎ ሊይዛት፣ ታቅፏት ሊሮጥ አሰበ። የት ያደርሳታል? ነገም ሌላ ላም ይሞታል።

ወደ ኋላ ራቀና ወንጭፉን አዞረ። ድንጋዩ ክንፏ ላይ አረፈ።

ሙሽሪት ድምፅ አላሰማችም፤ ጥንብ አንሳዎች ድሮም ድምፅ የላቸውም። ወደ ጎን ወደቀች፣ ተነሣች፣ አንዱን ክንፏን እየጎተተች ሸለቆውን ሮጠች፣ ከዚያ በጭንቅ ከመሬት ተነሥታ ዝቅ ብላ ከተራራው ጀርባ ጠፋች። ክንፏ ይሰበር አይሰበር ክፍሉ አላወቀም። የቀሩት ግን አዩ። አንድ ላይ ተነሡ፤ ያን ቀን አልተመለሱም።

በማግስቱም ሄደ። ከዳገቱ አናት የባጃጁ ድምፅ ሲሰማ ከግራሩ ላይ የነበሩት ገና ሳያዩት ተነሥተው ወደ ሰማዩ ጥግ ራቁ፤ ሌሊት ጅብ ወደ ጨረሰው በድን የወረደ የለም። ክፍሉ ባጃጁን ሳያጠፋ እስኪጠፉ ድረስ አያቸው። እንዲህ አድርገው የሚፈሩት ሰው በዚያ አገር እሱ ብቻ ነው።

ቤቱ ሲገባ ስምረት በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ዛሬስ መጡ?»

«አልመጡም። ስሰማቸው ሸሹ... ስመጣ ማለቴ ነው። ሲሰሙኝ ሸሹ።»

«ተመስገን በላ ታዲያ። ዳኑልህ እኮ።»

ክፍሉ ተመስገን ሊል አፉን ከፈተ። ግድግዳውን ተደግፎ እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጠና ሴት ወንዱ እያየው፣ ባጃጅ ሾፌሮቹ እያዩት፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ።