ወፍራሙ ክር ደሴ ነው ወይስ ኮምቦልቻ?

"ውረድ" ስለው ወረደ። ድምፁ ግን ወጣ።

ጓደኛዬ ሰይድ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ይነዳል። በወንድሙ ሰርግ ላይ አንድ ዘፈን በቤዝ ጊታር እጫወታለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ኖሯል፤ ቤዝ ይዞ ግን አያውቅም። ሰርጉ እሑድ ነው። ዛሬ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር፣ እቤቱ ሄጄ ማስተማር ጀመርኩ።

ለማታውቁት፣ ቤዝ ላይ ወፍራሙ ክር ከሁሉም በላይ ነው ያለው። ድምፁ ግን ከሁሉም ዝቅ ያለ ነው። እኔ "ውረድ" የምለው ድምፁን ነው፤ እሱ ጣቱን ቁልቁል ወደ ቀጭኑ ክር ይወስደዋል።

"ወላሂ አልገባኝም!" አለ በመጨረሻ። "ደሴ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ ታች ነው። ይኼን ቁልቁለት በየቀኑ እወርደዋለሁ። አንተ ግን ኮምቦልቻን ደሴ አናት ላይ ሰቅለህ ውረድ ትለኛለህ!"

ስምንት ዓመት ስጫወት አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ላሳየው ስሞክር የራሴ ጣት ክሩን ሳተ።

ደከመንና ሰይድ በሚኒባሱ ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ይዞኝ ወረደ። (ወጣ ይሁን ወረደ እንጃ።)

ሰፈሬ ስንደርስ "ወራጅ አለ!" ልል አፌን ስከፍት፣ የወጣው "ወጪ አለ!" ነው።

ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። ሰይድ ግን አልሳቀም። በመስታወቱ አተኩሮ አየኝና፣

"ጎሽ፣ አሁን ገባህ" አለኝ።

ለሰው ሲያስረዳ የሚያውቀው የጠፋበት ካለ እስኪ እንዴት እንደተመለሰለት ይንገረኝ። ከእሑድ በፊት።